በእሷ ድምፅ የተቃኘ ክራር

ሰኞ፣ ጥቅምት 4 ቀን 2017

ከክፍል ስወጣ ሰሎሜ የመምህራን ማረፊያው በር ላይ ቆማ አገኘኋት። ሰሎሜ የከተማውን የኪነ ጥበብ ዝግጅቶች የምታስተባብር ባለሙያ ናት። ከደሴ ተመድባ ከመጣች ሁለት ዓመት ሊሆናት ነው፤ ከአሰላ ብርድ ጋር ግን እስካሁን አልታረቀችም። በጠራራ ፀሐይ ሁለት ሹራብ ደርባ ትሄዳለች።

በኅዳር መጀመሪያ የጥበብ ሳምንት ይደረጋል አለችኝ። ሥዕል፣ ግጥም፣ የልጆች ቲያትር፣ ከየወረዳው የሚመጡ የገጠር ዘፋኞች፣ ቅዳሜ ማታ ደግሞ በአዳራሹ ትልቁ የሙዚቃ ምሽት። የነቢያት ጾም ሳይገባ ማለቅ አለበት።

«መምህር፣ መዝጊያው ላይ የድሮው ኪነት ቡድን ያንን የጭላሎውን ዘፈን ያቅርብልን ተብሏል። በየሄድኩበት ትልልቅ ሰዎች እሱን ነው የሚጠይቁኝ።»

እሺ አልኩ። ሳላስብበት ነው እሺ ያልኩት። የድሮው ቡድን የሚባለው አሁን የት አለና? ከበሮ መቺው ሣህሌ አዳማ ገብቶ ቀርቷል፤ ማሲንቆ የሚመታው ነፍሱን ይማረው። እኔና ክራሬ አለን። ፈይሩዛም አለች፤ እሷ ግን ሮቤ ናት።

«የሴቷን ክፍል ማን ይዘፍነዋል?» ስትለኝ «ሮቤ ሰው አለ» አልኳት። ለዝግጅቱ ድምቀት ብዬ ነው።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5

እንቅልፍ እምቢ አለኝ፤ ልጻፍ።

ያን ዘፈን የሠራነው እኔና ፈይሩዛ ነን። እኔ ያኔ ማስተማር የጀመርኩ ሰሞን ነበር፣ እሷ የማታ ተማሪ። ቡድኑ ኪቦርድ የሚባል ነገር አልነበረውም። ልምምድ ሲጀመር «ድምፅሽን ስጪኝ» እላታለሁ። ዓይኗን ጨፍና፣ አፏን ሳትከፍት እምም ትላለች። የመጀመሪያውን ክር ከዚያ ላይ እቃኘዋለሁ፤ ሌሎቹ እሱን ተከትለው ይመጣሉ። ክራሬ የተቃኘው በዚህ ዓይነት ነው።

የእኔ ተራ በአማርኛ ነው፦

ጭላሎ ቢለብስም ደመናና ብርዱን፣
አንቺ ያለሽበት ማን ያውቃል ክረምቱን።

እሷ በኦሮምኛ ትመልስልኛለች። መጨረሻው ላይ «ኮቱ ገረ ኢቢዳ» ትላለች፤ ወደ እሳቱ ና ማለት ነው። አዳራሹ ብድግ የሚለው እዚያ ጋ ነበር። እኔም ሁልጊዜ እዚያ ጋ ስደርስ አንድ ክር እስት ነበር፤ ለምን እንደሆነ እንጃ።

ከዚያ አግብታ ሮቤ ገባች። ባሏ ከዲሮ ይባላል፣ የእህል ነጋዴ ነው። ሠርጉ ላይ አልተጠራሁም ማለት አልችልም፤ ተጠርቻለሁ። የዚያን ቀን ጉንፋን ይዞኝ ነበር።

ካገባች በኋላ ዘፈን ትታለች አሉ። ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው። እኔ ግን ክራሩን እዚያው ድምጿ ላይ አቆይቼዋለሁ። ክሩ ቢላላም ጆሮዬ ስለያዘው መልሼ አመጣዋለሁ። ቅኝት መጠበቅ የሙዚቀኛ ሥራ ነው፤ ሌላ ትርጉም አይሰጠውም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9

የመጀመሪያው ልምምድ። ሦስት ነን፦ እኔ፣ ኪቦርድ የሚጫወተው ኖህ፣ እና ሮሐ። ሮሐ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፤ የቅዳሜውን ምሽት አብዛኛውን የምትዘፍነው እሷ ናት። ድምፅ አላት፣ አልክድም።

ገና ከመጀመራችን ኖህ አቆመ።

«ጋሼ፣ ክራርዎ ከኪቦርዱ ጋር አይገጥምም።» ስልኩን አውጥቶ የሆነ ነገር ከፈተና ክራሬ አጠገብ ያዘው። «ይኸው፣ በሁለት ቁልፍ መሀል ነው ያለው። ወይ ትንሽ ከፍ፣ ወይ ትንሽ ዝቅ ያድርጉት።»

«አንተ ኪቦርድህን አስተካክል።»

«ኪቦርድ እኮ ከፋብሪካ ተቃኝቶ ነው የሚመጣው።»

«የእኔም ከፋብሪካ ነው» አልኩት። ሮሐ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

«ከምን ነው ግን የቃኙት?» አለኝ። ከድሮም እንዲህ ነው አልኩት።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

ሙቢና ሱቅ ሄድኩ። ሙቢና የፈይሩዛ የአክስት ልጅ ናት፤ ገበያው አጠገብ መጋረጃና የሴት ጨርቅ ትሸጣለች። መጋረጃ ፈላጊ መስዬ ገባሁ። ይህን አውርጂ፣ ያንን ዘርጊ አልኳት። ካስለካሁ በኋላ ነው ፈይሩዛ ለአንድ ምሽት ብትመጣልን ብዬ ጣል ያደረግኩት።

መቀሷን አስቀመጠች። «ለዚህ ነው ይህን ሁሉ ጣቃ ያስወረድከኝ?»

«መጋረጃውም ያስፈልገኛል።»

«ስማ እንደሻው። ባል ያላት የልጆች እናት ናት። እንዲህ ያለ ነገር ለባልየው ነው የሚነገረው፤ ደውልለትና በግልጽ ንገረው። ምን ሰርቀኸው ነው በእኔ ጓሮ የምትዞረው?»

ስልኩ የለኝም አልኳት። ሰጠችኝ። ሥራ ይበዛበታል፣ አንቺ ብትጠይቂልኝ ይሻላል ብዬ ለምኛት ወጣሁ። መጋረጃውን ገዛሁ። አረንጓዴ ነው። እህቴ እትዬ የሺ እንደምትጠላው አውቃለሁ።

እሑድ፣ ጥቅምት 17

ጠላችው።

እትዬ የሺሃረግ ታላቅ እህቴ ናት። አባታችን ካረፈ ጀምሮ በዚህ ቤት እኔና እሷ ነን። እሷም አላገባች፣ እኔም። ጡረታ ከወጣች ወዲህ ሬዲዮኗ ከጠዋት እስከ ማታ አይዘጋም፤ ዜናም ይሁን ማስታወቂያ፣ ሰው ያወራ ብቻ።

ዛሬ ክራሩን ስይዝ ሬዲዮኑን ቀነሰችልኝ። ዘፈኑን ከላይ እስከ ታች ተጫወትኩት። የሴቷ ተራ ሲደርስ እንደልማዴ ዝም ብዬ አጃቢውን ብቻ እመታለሁ፤ ቦታው የእሷ ነው።

«ባዶውን ስትመታ ጎረቤት ምን እንደሚል ታውቃለህ?» አለች ሽንኩርት እየላጠች።

«ምን ይላል?»

«ዘፋኙ ግጥሙ ጠፋበት ይላል።» ሌላ ሽንኩርት አነሳችና «የዛሬ ሦስት ዓመት ፈተና ልትፈትን የሄድከው የት ነበር?»

«ሮቤ።»

«መድበውህ ነው?»

ክራሩን ይዤ ተነሳሁ። ጠይቄ ነው የሄድኩት። ሱቃቸውንም አይቼዋለሁ፤ ዓርብ ስለነበር ተዘግቶ ነበር። ለጂኦግራፊ መምህር የሮቤን አቀማመጥ ማየት ይጠቅማል።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 20

ሙቢና ደወለች። «ኢንሻአላህ ብላለች» አለችኝ። «ሌላስ?» ብላት «ሌላማ መጋረጃው እንዴት ሆነ?» አለች።

ኢንሻአላህ እሺ ነው ወይስ አይሆንም? ጎረቤታችንን ሐጂን ጠየቅኳቸው። «እንደ ሰውየው ነው ልጄ» አሉኝ። እንደ ሴትየዋስ?

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 23

ከልጆቹ ጋር ተጣላሁ።

ሰሎሜም መጥታ ነበር። የሴቷ ተራ ሲደርስ ባዶውን ስመታ አይታ «እስከ መቼ ነው እንዲህ?» አለች። ሮሐ «እስቲ እኔ ልሞክረው» ብላ ተነሳች። ከፍ የሚለው ቦታ ላይ ድምጿ ተሰነጠቀ። ደገመችው፣ ተሰነጠቀ።

«ጋሼ፣ ትንሽ ዝቅ ቢያደርጉልኝ ይወጣልኛል።»

አይሆንም አልኩ። ዘፈኑ የተሠራው እዚህ ላይ ነው፣ የማይችል ሌላ ዘፈን ይፈልግ አልኩ። ልጅቷ ከንፈሯን ነክሳ ተቀመጠች። ኖህ ኪቦርዱን ጨርቁን አለበሰው።

ሰሎሜ ወደ ውጭ ጠራችኝ። «መምህር፣ ፖስተሩ ዓርብ ይታተማል። ወይ ሴትየዋ ትመጣለች በሉኝ፣ ወይ ሮሐ በምትችለው ትዝፈነው፣ ወይ ዘፈኑ ይቅር። እኔም የምመልስለት አለቃ አለብኝ።»

ሮሐን እንደዚያ መናገር አልነበረብኝም። ልጄ ልትሆን የምትችል ናት፤ ልጅ ቢኖረኝ ማለቴ ነው።

ዘፈኑ ዝቅ ከሚል መድረኩ ቢቀር ይሻለኛል። አንድ ጊዜ ብቻ። አንድ ጊዜ ደግሜ ከጎኗ ቆሜ ልምታው፣ ከዚያ በኋላ ክራሩን እዚያ ግድግዳ ላይ ይስቀሉት።

እሑድ፣ ጥቅምት 24

ለከዲሮ ደወልኩ። ጉሮሮዬን አጸዳሁና ቆሜ ደወልኩ፤ ለምን እንደቆምኩ አላውቅም።

«ኦቦ እንደሻው! አከም ጅርታ?» አለ ገና ስሜን ስናገር።

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«በሙቢና በኩል ስትልክብን እሰማለሁ። ምነው፣ የእኔ ቤት በር የለውም እንዴ?» ይስቃል። እኔ አንድ ነገር መንተባተቤን አስታውሳለሁ። «እሷን ነው መጠየቅ። እሷ እሄዳለሁ ካለች እኔ ሹፌር ነኝ። አንድ ነገር ብቻ አለ። ስንዴው ገና አልታጨደም፤ የኮምባይነር ወረፋችን በዚያው ሳምንት ነው። ዝናብ ከመጣ ሁሉን ጥለን ስንዴ ማንሳት ነው። አላህ ሰማዩን ይያዝልን።»

ከዚያ ስልኩን ሰጣት። እንዲሁ፣ ጨው አቀብዪኝ እንደሚባለው በቀላሉ።

«እንደሻው» አለች።

ስልክ ድምፅ ያበላሻል። ወፍራም ሆኖ ነው የተሰማኝ፤ ኔትወርኩ ነው።

«ዘፈኑን ታስታውሽዋለሽ?»

«ኢንሻአላህ» አለች። ፈገግ ያለች ይመስለኛል።

ክፉ ይሆናል ብለህ የጠበቅከው ሰው ደግ ሆኖ ሲገኝ ደስ አይልም። ንዴትህን በማን ላይ ታሳርፋለህ?

ዓርብ፣ ጥቅምት 29

ፖስተሩ ወጣ። ስሟ ከስሜ አጠገብ ነው፤ ባጃጅ ተራው ላይ፣ ፖስታ ቤቱ ግንብ ላይ፣ በየምሰሶው። አንድ ትርፍ ሰሎሜን ለምኜ ወሰድኩ፤ ለትምህርት ቤቱ ሰሌዳ ነው። እስካሁን ቦርሳዬ ውስጥ ነው ያለው።

ኖህ ዛሬ ኪቦርዱን ወደ ክራሬ አመጣው። ስልኩን እያየ፣ አንድ ቁልፍ እየነካካ፣ ቀስ በቀስ። ለካ ይቻላል።

«ከፋብሪካ ነው አላልክም?»

«ጋሼ፣ የቡድኑን የድሮ ካሴት አዳመጥኩት» አለኝ። ከማን ድምፅ እንደቃኘሁት ገብቶታል፤ ፊቴን ግን አላየኝም። ጨዋ ልጅ ነው።

ሰኞ፣ ኅዳር 2

ተከፈተ። የተማሪዎች ሰልፍ፣ የፈረሰኞች ትርኢት። አንዱ ፈረስ በድምፅ ማጉያው ደንግጦ የእንግዶቹን ድንኳን ገመድ በጠሰው። ሰሎሜ ልታለቅስ ምንም አልቀራትም፤ ሕዝቡ ግን የዝግጅቱ አካል መስሎት አጨበጨበ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3

የሥዕል ትርኢት፣ አጥር ላይ ተሰቅሎ። የበቆጂ ልጆች የሣሉት ሁሉ ሯጭ ነው። አንዷ ብቻ ጫማዋን አውልቃ የተቀመጠች ሴት ሥላለች። እሱ ፊት ብዙ ቆምኩ። ሰማዩ ጥሩ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 4

የግጥም ምሽት። ሁሉም ስለ ናፍቆት ነው ያነበበው። ምን ያውቃሉ ስለ ናፍቆት፤ የናፈቋትን ሴት ነገ ካፌ ያገኟታል። ጭላሎ አናት ላይ ነጭ ደመና አለ፣ ስስ ነው። ዝናብ የሚያመጣ ዓይነት አይደለም። ተማሪዎቼን የማስተምረው ይህንኑ ነው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 5

ከኦጎልቾ የመጡት ገበሬዎች ዘፈኑ። አንድ ሽማግሌ ጊዜዎ አልቋል ቢባሉ ዱላቸውን መድረኩ ላይ ተክለው «ገና መቼ ጀመርኩና» አሉ። አዳራሹ በሳቅ አለቀ።

ደመናው ወፍሯል። ለከዲሮ ደወልኩ፣ አያነሳም። ደገምኩ፣ አያነሳም።

ዓርብ፣ ኅዳር 6

የልጆች ቲያትር ነበር፤ ምን እንዳየሁ አላውቅም። ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ። ከሮቤ የገባ የሚኒባስ ሹፌር «መንገድ ላይ አካፍቶብናል» አለ። በዚህ ጊዜ ዝናብን ሁሉም ሰው ይረግማል፣ የቆመ ስንዴ ያበላሻላ። እኔም ረገምኩት፤ ለስንዴው ብዬ አይደለም፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ማታ ከዲሮ ራሱ ደወለ። «ነገ ኮምባይነሩ ይገባልናል። ጨርሰን ከደረስን ደረስን።» ካልደረስንስ አላለም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 7

ጠዋት። አልዘነበም። ክሮቹን በሙሉ በአዲስ ቀየርኩ፤ ድምጿ ላይ አመጣኋቸው። እትዬ የሺ ሳልጠይቃት ነጩን ሸሚዜን ተኮሰችልኝ። «እኔም እመጣለሁ» አለች። አዳራሽ ከገባች ስንት ዘመኗ!

ከመድረክ ጀርባ። ሮሐ እየዘፈነች ነው። አልመጡም። ሰሎሜ በየደቂቃው ታየኛለች። መብራት አንዴ ጠፍቶ መጣ። አልመጡም።

እሑድ፣ ኅዳር 8

ትናንት ማታ ልጽፍ ሞክሬ እጄ እምቢ አለኝ። አሁን እትዬ የሺ ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች፤ ቤቱ ጸጥ ብሏል።

ሰሎሜ «መምህር፣ ሕዝቡ እየተነሳ ነው፣ ሮሐ ትግባበት?» ስትለኝ «ትንሽ» አልኳት። ሮሐ አንድ ዘፈን ጨመረችልኝ። እኔን አይታ ነው የጨመረችው፤ ከዚያ ሁሉ ክፉ ንግግሬ በኋላ።

በጓሮ በር በኩል የአይሱዙ ጥሩንባ ተሰማ። ስንዴውን እንደጫነ ነው የመጣው፤ ሸራው ላይ ገለባ አለ። ከዲሮ መጀመሪያ ወረደ፤ አጭር፣ ፀጉሩ አቧራ የለበሰ ሰውዬ። ሮጦ መጥቶ አቀፈኝ። «አመጣሁልህ!» አለኝ። እኔ በትከሻው ላይ በሩን ነበር የማየው።

ወረደች። ወፍራም ካፖርት፣ ግራጫ ሻሽ፣ መነፅር። ሞልታለች። ስትራመድ ግን ያቺው ናት፤ በመጀመሪያ ግራ እግሯን ጣል የምታደርገው ነገር አለ። «እንደሻው፣ ሸብተሃል» አለችኝ። አንቺም ለማለት ፀጉሯ አይታይም።

ልምምድ የሚባል ጊዜ አልነበረም። ወጣን። ሕዝቡ ስሟን ጠራ፤ ለሷ ያለቀሱ ትልልቅ ሴቶች ነበሩ። የእኔን ተራ ዘፈንኩ። ክራሩ እንደዚያ ጠርቶ አያውቅም። የእሷ ተራ ደረሰ፣ አልገባችም። አጃቢውን ደግሜ መታሁ፤ ያን ባዶ ቦታ። አልገባችም። ሰው ማጉረምረም ጀመረ። ረስታዋለች አልኩ በልቤ።

ወደ እኔ ጠጋ አለች፣ ማይኩን በእጇ ሸፍና።

«እንደሻው፣ ዝቅ አድርግልኝ። እዚያ ድረስ ከወጣሁ ቆየሁ።»

ያን ሁሉ ዓመት ያላደረግኩት፣ ልጆቹም ለምነውኝ እምቢ ያልኩት ነገር ነው። አንድ አዳራሽ ሙሉ ሰው እያየኝ ክራሩን ጭኔ ላይ አስተኛሁት። «ድምፅሽን ስጪኝ» አልኳት። ዓይኗን ጨፈነች። እምም አለች።

ከታች ነው የመጣው። ከሩቅ ከታች። የማላውቀው ድምፅ ነው። ስልኩ አልነበረም፣ ኔትወርኩም አልነበረም። የመጀመሪያውን ክር አላላሁት፤ ገና ነው። አላላሁት፤ ገና። ይህ ክር ነው ወይስ ገመድ እስክል ድረስ አወረድኩት። ኖህ ኪቦርዱን ዘጋው፤ ሲዘጋ ተመለከትኩ። ከዚያ በኋላ እኔና እሷ ብቻ።

ዘፈነች። የድሮው ድምጿ ቀጭን፣ እንደ ጠዋት አየር ነበር። ይሄኛው የሚሞቅ ነው፣ ሰው የኖረበት ቤት ነው። በደንብ ነው የዘፈነችው፤ ከድሮው ትበልጣለች። የማትዘፍን ሰው ድምፅ አይደለም። እኔ ደግሞ ሳትጨርስ ገባሁባት። ደግሜ ገባሁባት። የምትተነፍስበትን ቦታ አላውቀውም። ቀና ስል ከዲሮ ከመጋረጃው ጎን ቆሟል፤ ከንፈሩ ከሷ ጋር ይንቀሳቀሳል፣ እሷ ልትተነፍስ ስትል እሱ ቀድሞ ይተነፍሳል። ከዚያ በኋላ ክራሩን በሱ ትንፋሽ መታሁት፤ ልክ መጣ።

«ኮቱ ገረ ኢቢዳ» ስትል አዳራሹ ተነሳ። ክር አልሳትኩም።

ከመድረክ ስንወርድ «ይህን ያህል ጊዜ ሳትዘፍኝ እንዴት ድምፅሽ ቆየልሽ?» አልኳት። ከዲሮ ነው የመለሰልኝ።

«ማን አለህ አልዘፈነችም? ወጥ ስትሠራ፣ ልጅ ስታስተኛ፣ እህል ስታስለካ። ቤታችን እኮ ሬዲዮ ገዝተን አናውቅም!»

«አንተ ደግሞ!» ብላ ክንዱን መታችው። እንደዚያ ስትመታው ሁለቱም ሳቁ።

ስንዴውን መንገድ ላይ ማሳደር ስለማይቻል ወዲያው ተነሱ። መኪናው ውስጥ ከገባች በኋላ መስኮቱን ዝቅ አደረገች። «ክራርህን ድሮ በነበረበት ነው ያገኘሁት» አለችኝ። ገባት። አውቃለሁ ገብቷታል። ቀጥላ በቀስታ «አሁን ማን ይዘፍንልሃል?» አለች። ሮሐ አለች፣ ልጆች አሉ፣ ብዙ ሰው አለ ልላት ነበር። አይሱዙው ተነሳ።

ናፍቃኛለች። ይኸው ጻፍኩት። ሳትሄድም ስትሄድም፣ ትናንት አጠገቤ ቆማ እየዘፈነችም ናፍቃኝ ነበር። የናፈቀችኝ ግን ሮቤ ያለችው ሴት አይደለችም፤ እሷን ከዲሮ ነው የሚያውቃት። የእኔዋን እኔ ብቻ ነኝ ስጠብቃት የኖርኩት፤ እሷ የለችም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14

ነገ ጾም ይገባል። ፖስተሮቹ ከምሰሶው እየተላጡ ነው። የቦርሳዬንም አወጣሁት፤ እትዬ የሺ የምድጃው መደርደሪያ ላይ አነጠፈችው።

ሮሐን ትምህርት ቤት ጠርቼ ይቅርታ ጠየቅኳት። «የትኛው ይሆንልሻል?» ብዬ ክራሩን በእሷ ልክ እንደማመጣላት ነገርኳት። ከበዓል በኋላ እንለማመዳለን አለች፤ ፈተና ላይ ናት።

ስለዚህ ክራሩ ሳምንቱን ሙሉ ግድግዳው ላይ ነበር፤ እዚያው በታች፣ በላላበት። ዛሬ አመሻሽ ላይ አወረድኩት። ዘፈኑን የማውቀው በላይኛው ነበር፤ በዚህ ዝቅታ የሌላ ሰው ይመስላል። እየፈራሁ መታሁት። የእኔን ተራ ዘፈንኩ። የሴቷ ተራ ደረሰ፤ ዝም ብዬ ባዶውን መታሁ፣ የኖርኩበትን ልማድ ምን አደርገዋለሁ።

ከወጥ ቤት ሬዲዮኑ ጠፋ።

ከዚያ ሴት ስትዘፍን ሰማሁ። የሻከረ፣ እየተደናቀፈ የሚሄድ ድምፅ፣ ኦሮምኛው ግን አንድም አልተሳሳተ። እስከ መጨረሻው፣ እስከ «ኮቱ ገረ ኢቢዳ» ድረስ። እጄ ቆመ። ብድግ ብዬ ወደ በሩ ሄድኩ። እትዬ የሺ ጀርባዋን ሰጥታኝ ድንች ትልጣለች።

«ከየት ተማርሽው?»

«ከየት እማራለሁ? አንተ ባዶውን ስትመታ እኔ ሁልጊዜ በልቤ እዘፍነዋለሁ።» አልዞረችም። «በዚያ ከፍታ ማን ይችላል ብለህ ነው? ዘንድሮ ዝቅ ስላደረግከው ነው የወጣልኝ።»

በርጩማ ስቤ ምድጃው አጠገብ ተቀመጥኩ፤ ክራሩን ጭኔ ላይ አደረግኩት።

«ድምፅሽን ስጪኝ» አልኳት።

«ሂድ ወደዚያ!» አለችኝ። ቢላዋዋን ግን አስቀመጠች፣ እጇን በቀሚሷ ጠረገች፣ ሰጠችኝም።